የኋላ ጎማ ነገር፦ ለኮርስ ብስክሌት በቀላሉ የማይበሳ ጎማ እንዴት እንምረጥ?



ባለፈው ዓመት በፍጻሜ ፈተና ሰሞን አንድ ቀን፣ ጠዋት 2:30 ለሚጀምር ፈተና 1:50 ላይ ከተከራየሁበት ቤት ወጣሁ። እስከ ግቢ በብስክሌት ሃያ ደቂቃ አይሞላም። እንዲያውም ቀድሜ ደርሼ ማስታወሻዬን አንድ ጊዜ ለማገላበጥ አስቤ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ጎሚስታዎቹ ገና አልከፈቱም፤ ባጃጅ ብስክሌት አይጭንም፤ ብስክሌቱን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድም አይሆንም። እየገፋሁ ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ ፈተናው ከተጀመረ ሃያ ስድስት ደቂቃ አልፎ ነበር። ሠላሳ ቢሞላ ኖሮ አልገባም ነበር። አልሐምዱሊላህ ገባሁ፣ ግን የመጨረሻውን ጥያቄ ሳልነካው ወረቀቱ ተሰበሰበ።

በዚያ ወር ጎማዬ ሲበሳ አራተኛው ነበር። እስከዚያ ድረስ የጎማ መበሳት እንደ ዝናብ ነው፣ ሲመጣ ይመጣል ብዬ አስብ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጎሚስታውንም፣ በከተማው በኮርስ የሚወዳደሩ ልጆችንም እየጠየቅኩ፣ የጎማ ፋብሪካዎች የሚጽፉትንም እያነበብኩ ቆየሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የተጠራቀመ ነው። በተለይ ከግቢ ውጭ ተከራይታችሁ ለምትኖሩ፣ በአፓረንት ሺፕ ወይም በማስተማር ልምምድ ከተማውን ለምታቋርጡ፣ በረመዳን ከተራዊሕ በኋላ በጨለማ ወደ ቤት ለምትመለሱ ይጠቅማል። ባሕር ዳር ለጥ ያለች ከተማ ናት፤ ብስክሌት ለተማሪ ከማንኛውም መጓጓዣ ይሻላል። ችግሩ ከመሬቱ ጋር የሚነካካው ያ ጠባብ ጎማ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር፦ አዲስ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት የተበሳውን ከመነዳሪ «አንብቡት»። ጎሚስታው ለጥፎ ሲጥልላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፤ ቀዳዳው የት ነበር ብላችሁ ጠይቁት። ራሳችሁ ከሆናችሁ ከመነዳሪውን ትንሽ ንፉና ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ እያዞራችሁ አረፋው ከየት እንደሚወጣ እዩ።

ቀዳዳው አንድ ከሆነና ከመንገዱ በሚነካው በኩል ከሆነ፣ አንድ ስለታም ነገር ወግቶታል ማለት ነው። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን እንደ እባብ ንክሻ ከሆኑ ግን እሾህ አይደለም፤ ነፋሱ አንሶ ጎማው በኮብልስቶን ጠርዝ ወይም በጉድጓድ አፍ ላይ ሲመታ፣ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ነው። ቀዳዳው ወደ ውስጥ፣ ወደ ቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ ቸርኬው ውስጥ የሚነጠፈው ቀበቶ ተንሸራቶ የሽቦዎቹ ራስ እየወጋው ነው። ቫልቩ ሥር ከተቀደደም ብዙውን ጊዜ ነፋስ ስትሞሉ ከማንገላታት የመጣ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ጠንካራ ጎማ የሚፈታው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የቀረውን በነፋስ ልክ፣ በቸርኬ ቀበቶና በጥንቃቄ እንጂ በውድ ጎማ አታስተካክሉትም። እኔ ራሴ ከአራቱ ሁለቱ የእባብ ንክሻ ነበሩ። ያኔ ውድ ጎማ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ገንዘቤን በከንቱ አውጥቼ ነበር።

የሚወጋው ምንድን ነው? በእኛ መንገዶች ሦስት ጠላቶች አሉ። አንደኛው እሾህ ነው፤ ሰው አጥሩን ሲያድስ ከግራር የተመለመለው ቅርንጫፍ መንገድ ዳር ይቀራል፣ በአቋራጭ ጭቃማ መንገዶች ላይ ደግሞ ኩርንችት አለ። ሁለተኛው የጠርሙስ ስባሪ ነው። ሦስተኛው ብዙዎች የማያውቁት ነው፦ የፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ አስፋልት ላይ ተበጣጥሶ ሲቀር በውስጡ ያለው ቀጭን የብረት ሽቦ ይረግፋል። እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና የለጠፋችሁትን ከመነዳሪ በማግስቱ እንደገና ይበሳዋል። «ጎሚስታው አታለለኝ» ከሚባለው ውስጥ ጥቂቱ የዚህ ሽቦ ሥራ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጎማው ራሱ እንግባ። የብስክሌት ጎማ አንድ ወጥ ላስቲክ አይደለም። ከሥር በክር የተሠራ ጨርቅ አለ፤ ይህ የጎማው አካል ነው። በግራና በቀኝ ጠርዙ ላይ ቸርኬውን ይዞ የሚቆይ ሽቦ አለ፤ በአንዳንዶቹ በሽቦው ፋንታ ኬቭላር የተባለው ጠንካራ ክር ስለሚገባ ጎማው ይታጠፋል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ከላይ መንገዱን የሚነካው ላስቲክ አለ። እንዳይበሳ የሚሠራ ጎማ የሚለየው በላስቲኩና በጨርቁ መካከል አንድ ተጨማሪ ቀበቶ ስላለው ነው።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ቀበቶ ከምን ተሠራ የሚለው ነው። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከኬቭላር፣ ከቬክትራን ወይም ከመሰል ጠንካራ ክሮች በጥብቅ የተሸመነ ጨርቅ ነው። ቀጭንና ቀላል ነው፤ ጠርሙስ እንዳይቆርጠው ይከላከላል። ሁለተኛው ወፍራም፣ የሚለጠጥ ላስቲክ ነው። ይህ የሚከላከለው በጥንካሬው ሳይሆን በውፍረቱ ነው፤ እሾሁ ይገባል፣ ግን ከመነዳሪው ጋ ሳይደርስ ርዝመቱ ያልቃል። የተሸመነ ጨርቅ ጠርሙስን ሲመልስ፣ እንደ መርፌ የቀጠነ እሾህ ወይም ሽቦ ግን በክሮቹ መካከል ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ «ኬቭላር አለው» የሚለው ቃል ብቻ አያስደስታችሁ። መንገዳችሁ ከዳር እስከ ዳር አስፋልት ከሆነና ችግራችሁ ጠርሙስ ከሆነ ጨርቁ ይበቃል። አቋራጩ በእሾህ አጥር ሥር የሚያልፍ ከሆነ ውፍረት ያስፈልጋችኋል።

በስም እንጥራቸው። ከወፍራሞቹ ውስጥ በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የጀርመኑ ሽዋልቤ «ማራቶን ፕላስ» ነው። ቀበቶው 5 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። በቀጭኑ የኮርስ ልክም ይሠራል። ታናሽ ወንድሙ «ማራቶን» 3 ሚሊሜትር ቀበቶ አለው፣ ቀለል ይላል። ከጨርቃሞቹ ውስጥ የኮንቲኔንታል «ጌተርስኪን» ለኮርስ ብስክሌት ተመላላሾች የተለመደ ምርጫ ነው፤ ጎኑም ላይ ተጨማሪ መከላከያ ጨርቅ ስላለው የድንጋይ ጠርዝ ሲልጠው ቶሎ አይቀደድም። የዚያው ኩባንያ «ግራን ፕሪ ፎር ሲዝን» ደግሞ የቬክትራን ቀበቶ ያለው፣ በዝናብ የተሻለ የሚይዝ፣ ግን በዋጋ ከፍ የሚል ነው። «ግራን ፕሪ 5000» የሚባለውን ወዳጆቻችሁ ቢያሞግሱላችሁ አትታለሉ፤ ድንቅ ጎማ ነው፣ ግን የተሠራው ለፍጥነት ነው፤ ኮብልስቶን ላይ መጽሐፍ ተሸክሞ ለሚመላለስ ሰው አይደለም።

እነዚህ በየሱቁ የሚገኙ አይደሉም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ከልብስና ከሽቶ ይልቅ የሚታጠፈውን ዓይነት ጎማ እዘዙት፤ ሻንጣ ውስጥ እንደ ቀበቶ ተጠቅልሎ ይገባል። ሽቦ ያለበት ግን አይታጠፍም፤ በግድ ከታጠፈ ሽቦው ተሰብሮ ጎማው ዋጋ ያጣል። ማራቶን ፕላስ ሽቦ ያለው ስለሆነ ለዚህ አይመችም፤ ጌተርስኪን ግን በሁለቱም ዓይነት ስለሚሠራ ስታዝዙ «የሚታጠፈውን» ብላችሁ ንገሩ።

ከገበያ የምትገዙ ከሆነ በጎማው ላይ በትልቁ የተጻፈው «አይበሳም» የሚል ቃል ብቻውን ምንም ማረጋገጫ አይደለም። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ የጎማውን መሃል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጬ ውፍረቱን እመዝናለሁ፣ ከዚያ ጎኑን ቆንጥጬ አነጻጽራለሁ። ቀበቶ ካለው መሃሉ በግልጽ ይወፍራል። ልዩነት ከሌለው የተጻፈው ጽሑፍ ብቻ ነው። ቀጥሎ ጎማውን አጠፍ አድርጋችሁ ላስቲኩ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች እንዳሉ እዩ። ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው ወራት የተሰቀለ ጎማ አዲስ ሆኖ ያረጀ ነው።

በጎማው ጎን ላይ ከሚጻፉት ቁጥሮች አንዱ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ክር እንዳለ የሚናገረው ነው። ብዙ ሰው «ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል» ይላል፤ ነገሩ ግን ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። ክሩ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ክር ይቀጥናል፣ ጎማው ይለሰልሳል፣ ይፈጥናል። 60 አካባቢ ያለው ወፍራም ክር ለዕለት ሥራ ይሻላል። አንዳንድ ፋብሪካ ደግሞ ንብርብሮቹን ደምሮ ይጽፋል፦ ጌተርስኪን ላይ 180 የሚለው ሦስት ንብርብር 60 ማለት ነው።

ልክ ላይ መሳሳት ገንዘብ ያስጥላል። «ባለ 28» ብላችሁ ብቻ አትግዙ። በጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈውን፣ ለምሳሌ 28-622 የሚለውን ፈልጉ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር ነው። የዛሬዎቹ የኮርስ ብስክሌቶች፣ 700 ሲ የሚባሉት፣ 622 ናቸው። የጥንቱ ባለ ዘንግ ፍሬን ትልቁ ብስክሌት 635 ነው፤ የድሮ የኮርስ ቸርኬ አንዳንዱ 630 ነው፤ ባለ 26 ማውንቴን 559 ነው። 622ን 630 ላይ ማስገባት አይቻልም፤ 635ን 622 ላይ ብታደርጉት ደግሞ መንገድ ላይ ከቸርኬው ይወጣል። ሁለተኛው ቁጥር አንድ ካልሆነ አይገጥምም፤ የሻጩ «ይገጥማል፣ እኔ ልሙት» አያስተካክለውም።

ስፋቱን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ብስክሌታችሁ የሚችለውን ያህል ሰፊ። 23 የነበረው ወደ 28 ቢሄድ በዝቅተኛ ነፋስ ይሠራል፣ የኮብልስቶኑን ምት ይውጣል፣ የእባብ ንክሻውም ይቀንሳል። ፍጥነት ይቀንሳል የሚባለው በእኛ መንገድ ላይ እውነት አይደለም፤ በሚንቀጠቀጥ መሬት ላይ ጉልበት የሚያባክነው የደረቀ ጠባብ ጎማ ነው። ግን ልኩን ውሰዱ። የድሮ የኮርስ ፍሬኖች ጠባብ ስለሆኑ ከ25 ወይም ከ28 በላይ ላያስገቡ ይችላሉ። አሁን ባለው ጎማና በፍሬኑ፣ በብረቱም መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፤ አዲሱ ከገባ በኋላ በየጎኑና ከላይ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር መቅረት አለበት። ጭቃ በክረምት ቦታ ይፈልጋል።

ወፍራም ጎማ ነፃ አይደለም። ማራቶን ፕላስ በሰፊው ልክ አንዱ ጎማ ብቻ ወደ 900 ግራም ይመዝናል፤ ቀላሉ የኮርስ ጎማ ከዚህ ሲሶም አይሞላም። ስትነዱት ፍሬኑ በትንሹ እንደተያዘ ይሰማችኋል። ሲገባና ሲወጣም ጣት ያስለቅሳል። ጠንካራ የሆኑ ጎማዎች፣ ጌተርስኪንን ጨምሮ፣ ላስቲካቸው ቶሎ እንዳያልቅ ስለሚደርቅ በእርጥብ መንገድ ላይ መያዣቸው ደከም ይላል። በሐምሌ የረጠበ ኮብልስቶን ላይ ስትታጠፉ ይህን አስታውሱ። የጎማው ጥርስ ጥልቀት በዚህ አይረዳም። ብስክሌት እንደ መኪና ውኃ ላይ አይንሳፈፍም፤ በአስፋልት ላይ የሚይዘው የላስቲኩ ልስላሴ ነው።

ለዚህ ነው ገንዘባችሁ ለአንድ ጎማ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ወፍራሙን ከኋላ አድርጉ የምለው። የሰውነታችሁም የቦርሳችሁም ክብደት በብዛት የሚያርፈው ከኋላ ነው። በዚያ ላይ የፊተኛው ጎማ የተኛውን ሚስማር ያቆመዋል፣ የኋለኛው ይወጋበታል። ከፊት ግን ለስላሳና በደንብ የሚይዝ ጎማ ይሁን፤ የኋላው ቢንሸራተት ብዙውን ጊዜ ትተርፋላችሁ፣ የፊቱ ከተንሸራተተ መሬት ላይ ናችሁ። አንዳንዶች ያለቀውን ጎማ ወደ ፊት ያዛውራሉ። ይህን አታድርጉ።

ስለ ነፋስ። ጎሚስታ ጋ በአውራ ጣት ተጭኖ «በቂ ነው» ማለት ለጠባብ ጎማ አይሠራም፤ በግማሽ ነፋስም ደርቆ ይሰማል። መለኪያ ያለው የእግር ፓምፕ ያስፈልጋል። 65 ኪሎ አካባቢ ለሚመዝን ሰው መነሻ ይሆን ዘንድ፦ በ25 ስፋት ወደ 85 ፒ.ኤስ.አይ፣ በ28 ወደ 70፣ በ32 ወደ 55፤ የኋላው ከፊቱ ጥቂት ይብለጥ፣ ከባድ የሆነ ሰው ይጨምር። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ አትለፉ። የጎሚስታው ትልቁ ኮምፕረሰር ለመኪና ጎማ የተሠራ ስለሆነ ጠባቡን ጎማ በሰኮንዶች ሊያፈነዳው ይችላል፤ ጥቂት በጥቂት እንዲሞላ ንገሩት። ሌላው፣ የኮርስ ብስክሌት ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ቀጭኑ ፕሬስታ የሚባለው ነው፤ የጎሚስታው ቱቦ ቀጥታ አይገጥመውም። ትንሿን የነሐስ ማገናኛ ገዝታችሁ ቫልቩ ላይ ወይም ከቁልፋችሁ ጋር አስሯት። ከመነዳሪ ሳይበሳም በቀናት ውስጥ ነፋስ ያጎድላል፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለኩ። እኔ ሐሙስ ማታ አደርገዋለሁ፤ ለጁሙዓ ስወጣ ሐሳብ የለብኝም።

«ገንዘብ የለኝምስ?» ለምትሉ። የአገራችን ብልሃት አለ፦ አሮጌ ከመነዳሪ በቁመቱ ቀዶ በጎማውና በአዲሱ ከመነዳሪ መካከል ማንጠፍ። ይሠራል፣ ሞክሬዋለሁ። ነገር ግን የተቆረጠው ጠርዝ እየፈተገ አዲሱን ከመነዳሪ ሊበላው ስለሚችል ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አሳሱት፣ ፓውደር ነስንሱበት፣ ጫፎቹም መደራረባቸውን አስተካክሉ። ከመነዳሪ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ ማሸጊያም አለ፤ ትንንሽ የእሾህ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሰፊ የጠርሙስ ቁርጥ ግን አይደፍንም፤ በወራት ውስጥም ይደርቃል። ነፋስ የሌለው ድፍን ጎማ ደግሞ በፍጹም አይበሳም፣ እውነት ነው። ግን ከባድ ነው፣ የመንገዱን ምት ሁሉ ወደ ወገባችሁና ወደ ቸርኬው ሽቦዎች ይልከዋል። እኔ አልመክርም።

ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፦ አንድ ጊዜ ለማስለጠፍ የምትከፍሉትን፣ ባለፈው ሴሚስተር ስንት ጊዜ እንደተበሳባችሁ አባዙት፤ የተጣሉትን ከመነዳሪዎችና ያን ቀን የከፈላችሁትን ባጃጅ ጨምሩ። ይህ ከአንድ ጥሩ የኋላ ጎማ ዋጋ ጋር ከተቀራረበ ግዙ። ካልተቀራረበ ፓምፕና ሙጫ ግዙ፣ ይበቃችኋል።

የትኛውንም ጎማ ብትገዙ የሚከተለውን ካላደረጋችሁ ዕድሜው ያጥራል። የጠርሙስ ስባሪ ብዙ ጊዜ የተሰካ ቀን አይበሳም፤ ላስቲኩ ውስጥ ተቀምጦ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ጥቂት ወደ ውስጥ ይሄዳል። ዝናብ ሲኖር ይብሳል፣ የረጠበ ላስቲክ በቀላሉ ይቆረጣልና። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ነፋስ ስትሞሉ ጎማውን በዝግታ እያዞራችሁ የተሰኩትን በካቻቢቴ ጫፍ አውጡ። ሲበሳ ደግሞ ከመነዳሪውን ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ጥረጉት፤ ያ የማይታየው ሽቦ ጨርቁን ይይዘዋል። በባዶ ጣት አታድርጉት። ጎማውን ስትገጥሙ የፋብሪካው ስም ቫልቩ ጋ እንዲውል አድርጉ፤ ከመነዳሪው ላይ ቀዳዳውን ስታገኙ የጎማው የትኛው ቦታ ላይ እሾሁ እንዳለ ወዲያው ታውቃላችሁ። ስትለጥፉም ሙጫውን ቀብታችሁ ወዲያው አትለጥፉ፤ ደረቅ ብሎ በጣት ሲነካ እስኪያጣብቅ ጠብቁ።

የእኔ ብስክሌት ዛሬ ከኋላ ባለ 28 ወፍራም ቀበቶ ያለው፣ ከፊት የተለመደ ለስላሳ ጎማ አለው። በቦርሳዬ አንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ትንሽ የእጅ ፓምፕና ሁለት የጎማ ማውጫ አለ። ጎማው ከተገዛ ጀምሮ የተበሳው አንዴ ነው፣ እሱም ሽቦ ነበር፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ወሰደብኝ፣ ክፍልም አላመለጠኝም። መለኪያ ያለው የእግር ፓምፕ ለየብቻ መግዛት ስለሚከብድ ከጀመዓው ብስክሌት የሚነዱ ልጆች አዋጥተን አንድ ገዝተናል። ከእኛ ጋር ተከራይተው ከሚኖሩት ወንድሞች ቤት ይገኛል፤ ለእህቶች ደግሞ ጠያቂዋ ስትልክ እናደርሳለን። የተጠቀመበት ሰው ሲመልሰው ቱቦውን አጥፎ አይሰረው፤ አጥፈውት አንድ ጊዜ ተሰንጥቆብናል።